ጣና ላይ የሚታየው የዘይት ቀለም ከአየር ላይ ይለያል ወይ?

ጥያቄው የመጣው ባሕር ዳር ከምትማር የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው፦ «ጠዋት ጠዋት ጀልባ ማቆሚያው አካባቢ ውሃው ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ነገር ተዘርግቶ አያለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌን በዚህ ላይ ልሠራ አስቤያለሁ። ባሕር ላይ የፈሰሰ ነዳጅን በአውሮፕላን ሴንሰር እንደሚለዩት፣ እኔስ ጣና ላይ በድሮን መሥራት እችላለሁ? የሙቀት ካሜራ ያለው ድሮን በኪራይ አግኝቻለሁ። እሱ ይበቃኛል ወይስ ራዳር ያስፈልጋል?»

እህቴ፣ ዋናውን መልስ ላስቀድም። የሙቀት ካሜራው ለዚህ ሥራ አይሆንሽም። ራዳርም አያስፈልግሽም። ድሮኑ ላይ ያለው ተራ ካሜራ ግን ይሠራል። ሰዓቱና አንግሉ ትክክል ይሁን እንጂ፣ ከታችም በጀልባ ሆኖ ናሙና የሚወስድ ሰው ይኑር እንጂ፣ ጥሩ ጽሑፍ ይወጣሻል። ምክንያቱን ደግሞ ሰፋ አድርጌ ልንገርሽ። እሱን ካወቅሽ ቀሪውን ራስሽ ትጨርሺዋለሽ።

ነገሩ ሁሉ የሚያያዘው ከውፍረት ጋር ነው። ውሃ ላይ የፈሰሰ ዘይት ይስፋፋል፤ ሲስፋፋ ይሳሳል፤ ሲሳሳ ቀለሙ ይቀያየራል። በአውሮፕላን ባሕር የሚቃኙ ባለሙያዎች ብዙ መሣሪያ ቢኖራቸውም ይህንን ቀለም በዓይናቸው ሳያዩ አይመለሱም። ቶሪ ካንየን የተባለችው ነዳጅ ጫኝ መርከብ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1967 ወደ 119,000 ቶን ድፍድፍ ነዳጅ እንደጫነች በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ጠረፍ ዐለት ላይ ወጥታ ተሰባበረች። የሰሜን ባሕር አገሮች ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1969፣ ጀርመን ውስጥ ቦን ከተማ ላይ የትብብር ስምምነት ፈረሙ። ዛሬ ባለሙያዎች የሚሠሩበት የቀለም መለኪያ ኋላ ላይ ከዚሁ ስምምነት የወጣ ነው።

መለኪያው አምስት ደረጃ አለው። በጣም ስሱ የሆነው ብርማ ወይም ግራጫ ይመስላል፤ ውፍረቱ ከ0.04 እስከ 0.3 ማይክሮሜትር ነው። ቀጥሎ አንቺ የምታዪው ቀስተ ደመና ይመጣል፤ ከ0.3 እስከ 5 ማይክሮሜትር። ከ5 እስከ 50 ባለው ብረትማ ይሆናል። ከ50 ሲያልፍ የዘይቱ የራሱ ቀለም፣ ጥቁሩ ወይም ቡናማው፣ እዚህም እዚያም ብቅ ይላል። ከ200 በላይ ሲሆን ያለማቋረጥ ይታያል። ማይክሮሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ መሆኑን አትርሺ።

ሂሳቡ ቀላል ነው። አንድ ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው ዘይት አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ቢነጠፍ 1,000 ሊትር ነው። ይህንን ወደ ጀልባ ማቆሚያው እናምጣው። 100 ሜትር ርዝመትና 20 ሜትር ስፋት ያለው ቀለም አየሽ እንበል። ግማሹ ብርማ፣ ግማሹ ቀስተ ደመና ነው። ብርማው ግማሽ ከ0.04 እስከ 0.3 ሊትር ይይዛል። የቀስተ ደመናው ግማሽ ከ0.3 እስከ 5 ሊትር። በድምሩ ከአንድ ሦስተኛ ሊትር እስከ አምስት ሊትር ተኩል የማይሞላ ማለት ነው። ዳር ላይ ለቆመ ሰው ግን ሐይቁ በሙሉ ነዳጅ የሆነ ይመስለዋል። አንድ ሊትር ናፍጣ ወደ 0.1 ማይክሮሜትር ቢሳሳ አንድ ሄክታር ውሃ ይሸፍናል።

በትንሹና በትልቁ ቁጥር መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው ብለሽ እንዳትደነግጪ። ባሕር ላይም እንዲሁ ነው። መርከብ ለመክሰስ ትንሹን ቁጥር ይይዛሉ፤ የጽዳት ኃይል ለማሰማራት ትልቁን። አንቺም ጽሑፍሽ ላይ ሁለቱንም አስቀምጪ። አንድ ቁርጥ ያለ ቁጥር የጻፈ ተማሪ ፈተና ላይ መልስ ያጣል።

መጠኑ ትንሽ ነው ማለቴ ጉዳት የለውም ማለቴ አይደለም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲፈስ፣ ነፋሱ የሚያጠራቅመው ደንገሉ ሥርና ዳር ዳሩን ነው። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ የሚራባው ደግሞ እዚያው ጥልቀት በሌለው ውሃ ነው። ስለዚህ ጥያቄሽ በጣም ተገቢ ነው። እንዲያውም እስካሁን ስለ ጣና ሲነሳ እምቦጭና ደለል ብቻ መወራቱ እኔን ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ሙቀት ካሜራው። ወፍራም ዘይት ቀን ላይ የፀሐይ ሙቀት ስለሚይዝ በሙቀት ካሜራ ከውሃው ይልቅ ሞቆ ይታያል። መካከለኛው ውፍረት በተቃራኒው ቀዝቀዝ ብሎ ይታያል። ስሱ ግን ጨርሶ አይታይም። ካሜራው ማየት የሚጀምረው ከ10 እስከ 70 ማይክሮሜትር ባለው መካከል ነው። ያንቺ ቀስተ ደመና ከ5 አይዘልም። ቢበዛ ካሜራው ከሚያየው ዝቅተኛ ውፍረት ግማሹን ብቻ ነው የሚደርሰው ማለት ነው። ምሽት ላይ ወፍራሙ ዘይት ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ነገሩ ይገለበጣል። በመካከሉ ደግሞ ልዩነቱ የሚጠፋበት ሰዓት አለ።

እኔን የሚያሳስበኝ ካሜራው ምንም አለማሳየቱ አይደለም። ብዙ ነገር ያሳያል። ዳር ዳሩን ፀሐይ ያሞቀውን ውሃ ያሳያል። የእምቦጭ ክምር ያሳያል። ከከተማው ቦይ የሚገባውን ውሃ ያሳያል። ውብ ምስል ይወጣል፤ ቀይና ሰማያዊ ሆኖ። ከዚያ «ይኸው ዘይቱ» ማለት ይመጣል። በዚህ የተሳሳተ ሰው ብዙ ነው።

ባሕር ላይ የሙቀት ካሜራ ለብቻው አይላክም። ከአልትራቫዮሌት፣ ማለትም ዓይናችን የማያየውን ከሐምራዊ ወዲያ ያለ ብርሃን ከሚያይ ሴንሰር ጋር ይጣመራል። ዘይት አልትራቫዮሌት ብርሃንን ከውሃ የበለጠ ያንጸባርቃል፤ ከ0.1 ማይክሮሜትር ያነሰ ስስ ሽፋን ሳይቀር በዚህ ይለያል። እንግዲህ አልትራቫዮሌቱ የተበከለውን ቦታ በሙሉ ያሳያል፤ ኢንፍራሬዱ፣ ማለትም የሙቀት ካሜራው፣ ከመካከሉ ወፍራሙ የት እንዳለ ይጠቁማል። ትልቅ ፍሳሽ ሲደርስ 90 በመቶው ዘይት ብዙ ጊዜ 10 በመቶ በሆነው ቦታ ላይ ነው የሚገኘው። የጽዳት ጀልባዎች ወደዚያ 10 በመቶ ካልተመሩ ቀኑን ሙሉ ስስ ቀለም ሲያሳድዱ ይውላሉ። የሁለቱ ሴንሰር ጥምረት ዋጋው እዚህ ላይ ነው። አንቺ ጋ ግን ወፍራም የሚባል ነገር የለም። ተመስገን ነው።

ራዳሩስ? ባሕር ቃኚ አውሮፕላኖች የመጀመሪያውን ፍለጋ የሚያካሂዱት ወደ ጎን በሚያይ ራዳር ነው። በግራና በቀኝ በአሥር ኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር ስፋት ይሸፍናል። ሌሊትም፣ ደመናም አይበግረውም። የሚያየው ግን ዘይቱን አይደለም። ነፋስ ውሃው ላይ የሚያነሳቸውን ሴንቲ ሜትር የሚያክሉ ጥቃቅን ሞገዶች ነው የሚያየው። እነሱ የራዳሩን ጨረር ይመልሳሉ። ዘይት ሲኖር ሞገዶቹ ይረግባሉ፤ ጨረሩ አይመለስም፤ ቦታው በምስሉ ላይ ጥቁር ይሆናል።

ስለዚህ ራዳር ነፋስ ይፈልጋል። በሰከንድ ከ2 ሜትር ገደማ ካነሰ ውሃው በሙሉ ጥቁር ነው፤ ዘይትና ንጹህ ውሃ አይለይም። ከ10 ሜትር ገደማ ካለፈ ደግሞ ማዕበሉ ዘይቱን ይበታትነዋል፤ ምልክቱም ይጠፋል። አሁን ጣናን አስቢ። ጀልባ ነጂዎቹን ብትጠይቂ ወደ ገዳማቱ በጠዋት መሄድ ይሻላል ይሉሻል። ጠዋት ውሃው ረጋ ያለ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል፤ ሞገድ ይመጣል። ቀስተ ደመናው ደምቆ የሚታይሽ ውሃው በረጋበት ጠዋት ነው። ያ ሰዓት ደግሞ ራዳር ዓይኑ የሚታወርበት ሰዓት ነው። አብረው አይሄዱም።

የሳተላይት ራዳርም ያው ነው። ሴንቲኔል-1 የተባለው የአውሮፓ ራዳር ሳተላይት እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ምስሉን በነጻ ይሰጣል፤ ጣናንም ያነሳል። ለባሕር የነዳጅ ፍሳሽ እጅግ ጠቃሚ ነው። የሚለየው ዝርዝር ግን በአንድ በኩል 5፣ በሌላው 20 ሜትር አካባቢ ነው። 100 በ20 ሜትር የሆነው ያንቺ ቀለም እዚያ ላይ ጥቂት ነጥብ ነው። ከደቅና ከዳጋ ደሴቶች፣ ከዘጌ ልሳነ ምድርም ጀርባ ነፋስ የማይደርስበት ውሃ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ዝናብ የጣለበትም፣ አልጌ የሸፈነውም እንዲሁ ነው። እምቦጩ ግን በራዳር ብሩህ ስለሚሆን ከዘይት ጋር አይምታታም። የእምቦጭ ጥናት ብትሠሪ ኖሮ ሴንቲኔልን ቅድሚያ እሰጠው ነበር።

በነገራችን ላይ፣ አውሮፕላኑ ባሕር ላይ ሌላም ሥራ አለው። መርከቦች ከሞተር ክፍላቸው የሚያወጡት ውሃ ውስጥ ያለው ዘይት ከሚሊዮን 15 እጅ እንዳይበልጥ የመርከብ ብክለትን የሚከላከለው ዓለም አቀፉ ማርፖል ስምምነት ያዛል። አውሮፕላኑ ከመርከቧ ኋላ የሚከተለውን ቀለም ያነሳል። የመርከቧን መለያ ከራሷ የሬዲዮ ምልክት ይመዘግባል። ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ነፋሱን ይጽፋል። ማለትም ማስረጃ ይሰበስባል። ይህንን ልማድ ውሰጂ። ሰዓት፣ ቦታና ነፋስ ያልተጻፈበት ፎቶ ለጽሑፍሽ አይጠቅምም።

አሁን ዋናው ጣጣ። ቀስተ ደመና ሁሉ ዘይት አይደለም። ረግረጉ ዳር፣ ደንገሉ ሥር፣ ብረት የሚመገቡ ባክቴሪያዎች ልክ እንደ ነዳጅ የሚያብረቀርቅ ስስ ሽፋን ይሠራሉ። ከድሮን ላይ አትለዪውም። ከቅርብ ግን ለመለየት እንጨት ብቻ ይበቃል። ሽፋኑን በእንጨት ጫፍ ነካ አድርጊው። እንደ ተሰበረ መስታወት ተሰነጣጥቆ፣ ጠርዙ ሳይገጥም ቁርጥራጩ ከቀረ የባክቴሪያ ሥራ ነው። እንጨቱን ዞሮ መልሶ ከተያያዘ፣ ቀለሙም ከተጠማዘዘ ዘይት ነው። ብዙ ጊዜ ባክቴሪያው ካለበት አጠገብ ዝገት የመሰለ ብርቱካናማ ደለል ታያለሽ። የመጀመሪያውን ሳምንት ካሜራውን ቤት ትተሽ በእንጨት ብቻ ብትዞሪ እመርጣለሁ።

ሁለተኛው አሳሳች ሳሙና ነው። ሐይቁ ዳር ልብስ ይታጠባል፤ ባጃጅና መኪናም ይታጠባል። የሳሙና ውሃ ጥቃቅኑን ሞገድ ያረግባል፤ ከላይ ሲታይ ልሙጥ ብሎ ይታያል። ባጃጅ ከታጠበ ደግሞ ሳሙናውና የሞተር ዘይቱ አብረው ነው የሚገቡት። ያንን ለመለየት ናሙና የግድ ነው።

ባሕር ላይ እንዲህ ያለውን ጥርጣሬ የሚፈታ አንድ መሣሪያ አለ። አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ እየበረረ አልትራቫዮሌት ሌዘር ወደ ውሃው ይልካል፤ ብዙ ጊዜ የሞገድ ርዝመቱ 308 ናኖሜትር የሆነውን። ዘይት ውስጥ ያሉ ውህዶች ጨረሩን ተቀብለው የራሳቸውን ብርሃን መልሰው ያወጣሉ። ቀላል ነዳጅና ድፍድፍ ነዳጅ የሚያወጡት ብርሃን ይለያያል። የዕፅዋቱ ክሎሮፊል ደግሞ 685 ናኖሜትር አካባቢ ቀይ ያወጣል፤ ስለዚህ አልጌ ወይም ሣር ከዘይት ጋር አይምታታበትም። ከአየር ላይ ሆኖ «ይህ ዘይት ነው» ለማለት ከሁሉም የሚታመነው እሱ ነው። ከባድ ነው፤ ውድ ነው፤ ያላቸው አገሮችም ጥቂት ናቸው።

አንቺ ግን የዚያን መርሕ በእጅሽ መሞከር ትችያለሽ። ሐሰተኛ ብር ለመለየት የሚያገለግለውን አልትራቫዮሌት ባትሪ ግዢ፤ 365 ናኖሜትር የሚለውን። ናሙናውን በጠርሙስ አድርገሽ ጨለማ ክፍል ውስጥ አብሪበት። ናፍጣ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል። የባክቴሪያው ሽፋን እንዲያ አይሆንም። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ኦሞ ውስጥ ልብስ የሚያነጣ ማቅለሚያ ስላለ እሱም ሰማያዊ ያበራል። ስለዚህ ለማወዳደር ንጹህ የሐይቅ ውሃ፣ የሳሙና ውሃና ናፍጣ የተጨመረበት ውሃ ጎን ለጎን አስቀምጪ። ይህ ፍንጭ ነው እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ማረጋገጫው ላቦራቶሪ ውስጥ በጋዝ ክሮማቶግራፊ፣ ማለትም በናሙናው ያሉትን ውህዶች አንድ በአንድ በሚለየው መሣሪያ ነው።

ለላቦራቶሪው ናሙና በብርጭቆ ጠርሙስ ውሰጂ። ፕላስቲክ ዘይቱን ይስባል፤ የራሱንም ኬሚካል ይለቃል። ክዳኑ ሥር የአሉሚኒየም ፎይል አድርጊ። ዘይቱ ያለው ላዩ ላይ ስለሆነ ጠርሙሱን አትድፈቂ፤ ከላይ ገፈፍ አድርጊ። ቶሎ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ አስቀምጪው። ከጀልባዎቹ የሚጠቀሙበትን ናፍጣ፣ ቤንዚንና የተቃጠለ ዘይት ጥቂት ጥቂት ለምነሽ ያዢ። ካላወዳደርሽ የላቦራቶሪው ውጤት ከየት እንደመጣ አይነግርሽም። ቤንዚን ስስ ሲሆን ፀሐይ ላይ ቶሎ ይተናል፤ ናፍጣ ይቆያል። ስለዚህ ናሙና ወሳጁ ድሮኑ ሳያርፍ ቀለሙ ዘንድ መድረስ አለበት።

አበራረሩን በሚመለከት፣ ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ተነሺ። ፀሐይዋን ከኋላሽ አድርጊ። ካሜራውን ቀጥ አድርገሽ ወደ ታች አታዙሪው፤ ከቀጥታው 53 ዲግሪ አካባቢ አዘንብዪው። ሌንሱ ላይ ነጸብራቅ የሚቀንሰውን የፖላራይዚንግ ማጣሪያ ካሰርሽ በዚህ አንግል ዘይቱና ውሃው በደንብ ይለያያሉ። ብርሃንና ቀለም ማስተካከያውን አውቶማቲክ አትተይው፤ ቀለም ለምትለኪ ሰው ካሜራው በየፎቶው ሐሳቡን ከቀያየረ ሥራው ተበላሸ። ርዝመቱን የለካሽው አንድ ጀልባ ፎቶው ውስጥ ይግባ፤ ስፋት የምታሰዪው በእሱ ነው። ያንኑ ቦታ ከሁለት አቅጣጫ አንሺ። የፀሐይ ነጸብራቅ ከሆነ አንቺ ስትዞሪ አብሮ ይዞራል፤ ዘይት ከሆነ ቦታው ላይ ይቆያል።

ከየት መጣ የሚለውን ለመከታተል ነፋሱን ተጠቀሚ። ዘይት በነፋሱ ፍጥነት 3 በመቶ ገደማ ይነዳል። ነፋሱ በሰከንድ 5 ሜትር ከሆነ ቀለሙ በሰዓት ወደ 540 ሜትር ይጓዛል። የሐይቁን የራሱን ፍሰትም ጨምሪበት፤ በተለይ ዓባይ ከሚወጣበት አካባቢ። ወደ ኋላ ስታሰዪ ምንጩ ወደነበረበት ትቀርቢያለሽ። ዝናብ በጣለ ማግስትና በደረቁ ቀን የሚታየውን ለይተሽ መዝግቢ። ዝናብ ካለፈ በኋላ ቢብስ ከከተማው ቦይ ነው የሚመጣው። በደረቁም እኩል ከሆነ ጀልባዎቹ ጋ እዪ። እዚያ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ትንሽ ነገር ነው፤ ከጀሪካን ያለ ማንቆርቆሪያ ነዳጅ መቅዳት፣ ጀልባው ውስጥ የተጠራቀመውን ዘይት የነካው ውሃ በጣሳ ቀድቶ ወደ ሐይቁ መድፋት።

ድሮኑን ሳታስነሺ ሁለት ነገር ጨርሺ። አንደኛ ፈቃዱን፤ አውሮፕላን ማረፊያውም ቅርብ ነው። ሁለተኛ የአካባቢውን ሰው። ዛሬ በእኛ አካባቢ የድሮን ድምፅ ሰው ያስደነግጣል፤ ምክንያቱን ታውቂዋለሽ። ፈቃድ ቢኖርሽም፣ ቀኑንና ሰዓቱን ለጀልባ ነጂዎቹ፣ ለዓሣ አጥማጆቹና ለሰፈሩ ሽማግሌዎች ሳትነግሪ አታብርሪ። ፈቃዱ ካልተሳካ ከፎቅ ሰገነት ላይ በተራ ካሜራ በዚያው 53 ዲግሪ አንግል ብታነሺም ይሠራል። ጽሑፍሽ አይበላሽም።

የመጀመሪያዎቹን ፎቶዎች ስትልኪልኝ ሰዓቱን፣ ነፋሱንና የእንጨቱን ፈተና ውጤት ጨምሪበት። የቀለሙን ስፋት በየደረጃው እንዴት እንደምትከፋፍዪው በዚያ ላይ እንነጋገራለን።